ሰው የተሸከምንበት በር

ኅዳር 2

ጎመኑ አረረ። እኔ አላሳረርኩትም፣ ከሰሉ ነው። ቢሆንም በላሁት። ተናኘወርቅ ብትኖር ለውሻ ትሰጠው ነበር… ሚስቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆነ፣ እስከ ዛሬ ከጎመን ጋር አልተስማማሁም።

አሚኑ ከአጥሩ በላይ አንገቱን አስግጎ፣ «ባዩ፣ ቤትህ ተቃጠለ ወይስ ምሳ ነው?» አለ።

ምሳ ነው አልኩት።

«አላህ ይሁንህ!» ብሎ ገባ። ና ከኛ ጋር ብላ አይልም። ጎረቤት ተብሎ! (ቢለኝም አልሄድም ነበር።)

ሌላ ወሬ የለም።

ኅዳር 4

ነብዩ የሚባለው ልጅ መጣ። ከወደ ጎጃም ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ የመታሰቢያ ኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ ይላል። ሸሚዙ ተተኩሷል። ቡታጅራ አቧራ ላይ ጥቁር ጫማ ያደርጋል፣ በየአሥር እርምጃው ጎንበስ ብሎ ይጠርጋል። እንዲህ ሆኖ መቼ ይደርሳል?

ደብዳቤ ሰጠኝ። «ያንብቡት አባቴ።»

መነጽሬ ጠፋብኝ አልኩት። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቆጠርኩት ፊደል ነው፣ ማኅተም ሲያይ ይደነግጣል። እሱ አነበበው።

የመናኸሪያው ቦምብ ኅዳር 24 ቀን አንድ ዓመት ይሞላዋል። የሞቱት ይታሰባሉ፣ ሰው ያተረፉት ይሸለማሉ። እኔና አሚኑ ጋቢ እንለብሳለን። እሺ… እዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ከዚያ ምን አለ? «በዕለቱ ተጎጂዎችን ያመላለሱበትን የቤት በር በሦስት ቀን ውስጥ ለኮሚቴው እንዲያስረክቡ።»

እንዲያስረክቡ!

የሰረቅኩት ነው እንዴ?

«አይ አባቴ፣ በመስታወት ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ታሪክ ነው እኮ» አለ።

ቤቴስ በምን ይዘጋ? አልኩት።

«ኮሚቴው ያስብበታል።»

ኮሚቴው አስቦ እስኪጨርስ ጅቡ ያስብበታል አልኩት። ልጁ አልሳቀም። ጥርስ የለውም መሰለኝ።

ኅዳር 5

አልሰጥም።

ይህ በር ከአባቴ ጎጆ የመጣ ነው። አንድ ወጥ የዝግባ ሳንቃ፣ መገጣጠሚያ የለውም፣ በመጥረቢያ የተጠረበ። ተናኘወርቅ ሙሽራ ሆና በሱ ነው የገባችው። ከተማ ስገባ ጎጆውን ለወንድሜ ትቼ በሩን ብቻ በአህያ ጭኜ መጣሁ። ሰው ሳቀ። ይሳቅ።

ግን እሱ ብቻ አይደለም… ለራሴ ልዋሽ?

መናኸሪያው ከቤቴ ጀርባ ነው። ያን ቀን ሲፈነዳ ጎማ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጩኸት። የወረወረው ከሩቅ የመጣ አይደለም አሉ በኋላ፣ ውኃችንን ጠጥቶ እዚሁ ያደገ ነው። ስሙን አልጽፍም። ደብተሬን አላቆሽሽም።

ቃሬዛ የለም። በሩን ከማጠፊያው ነቀልኩት። አሚኑ ሳልጠራው መጣ፣ በእግር በኩል ያዘ። መጀመሪያ ሳሌሃን ጫንን፣ በርበሬ ሻጯን። ሆስፒታል አደረስናት፣ ተረፈች። ተመለስን። የጥያው ሚኒባስ ረዳት ምንተስኖት ወድቋል። ጫንነው።

በኛ አገር ቃሬዛ አይታለፍም። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሸክሙን ያስቀምጣል፣ ትከሻውን ይሰጣል። ጠላትም ቢሆን! አባቴ ለስድስት ዓመት ያላናገረውን ሰው ከገጠር እስከ ሆስፒታል ተሸክሞ፣ አድርሶት፣ ሳያናግረው ተመልሷል።

ያን ቀን መንገዱ ሙሉ ሰው ነበር። ሁሉም ይሮጣል። ያዙን! አልኩ። ያዙን እንጂ! ማን ዞሮ ይየኝ? ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ ጎረምሳ፣ ያ ከባድ ዝግባ… እናስቀምጣለን፣ እናነሳለን፣ እናስቀምጣለን። ስንደርስ ልጁ የለም።

አንድ ትከሻ ብቻ። ሁለት ቢሆን ደግሞ…

አሁን ያው የሮጠው ከተማ በሩን በመስታወት አድርጌ ልኩራበት አለ። አልሰጥም አልኩ፣ አልሰጥም።

ኅዳር 7

ዛሬ ጧት ሽንት ቤት ተቀምጬ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ጥሩ ሐሳብ የሚመጣልኝ እዚያ ነው።

በር ይፈልጋሉ አይደል? በር እሰጣቸዋለሁ።

አሚኑን ጠርቼ ነገርኩት። «አስተግፊሩላህ!» አለ። አፉን ያዘ። ከዚያ ሳቀ፣ ሳቀ፣ ሳሉ ተነሳበት፣ ጀርባውን መታሁት። «ወላሂ አንተ ሰውዬ ገሃነም ስትገባ በሩን ነቅለህ ነው የምትገባው።»

የሽንት ቤቱን በር አብረን ነቀልነው። የባሕር ዛፍ ጣውላ ነው፣ ሦስት ቦታ ተቸንክሯል። በዚህ ላይ አጭር ነው። ሽንት ቤቱ ላይ ጆንያ ሰቀልኩ። የቤቴን በር ደግሞ ነቅዬ ከአልጋዬ ጀርባ አቆምኩት፣ ብርድ ልብስ አለበስኩት። በሱ ቦታ ቆርቆሮ አስደግፌያለሁ። ንፋሱ ይገባል… ኅዳር ነው። ይግባ።

ኅዳር 8

መጡ! ነብዩ ከሁለት ወዛደሮች ጋር። ነጭ ጓንት አድርገዋል። ለሽንት ቤት በር ነጭ ጓንት!

ነብዩ በሜትር ለካው። «አባቴ፣ ሰው ለመሸከም ትንሽ አላጠረም?»

ክረምቱ መታው፣ እንጨት ይሸበሸባል አልኩት።

ወደ ላይ በኩል ያለችውን ክብ ቀዳዳ በጣቱ ዳሰሳት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የፍንጣሪ ነው?» አለኝ።

አሚኑ ቀደመኝ፣ «በዚያች ቀዳዳ ብዙ ሰው ጭንቀት አይቷል» አለ። ነብዩ አንገቱን ደፋ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፣ ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ አይቶ ያለቀስኩ መሰለው። «አይዞዎት አባቴ» አለ።

ሲያነሱት አፍንጫውን ጨምደድ አደረገ። «የሆነ ሽታ አለው…»

«ታሪክ ሲቆይ እንዲህ ነው» አለ አሚኑ።

እንዲህ የሳቅኩት ተናኘወርቅ ከሞተች ወዲህ መቼ ነው?

ኅዳር 11

ጆንያውን ንፋስ ገለጠው። የአሚኑ ዶሮ ገብታ ፊት ለፊቴ ቆመች፣ አየችኝ። አልወጣም አለች። ለጠላቴ ያጠመድኩት ወጥመድ እኔንም ትንሽ ይዞኛል።

ኅዳር 13

ሳሌሃ መጣች። ምርኩዟን ከቆርቆሮው አስደግፋ ሳትጠየቅ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ ቀይ በርበሬ ስትለቅም ውላ መጥታ እኔንም አስነጠሰችኝ።

«ጋሼ፣ ኮሚቴው ጠርቶኝ ነበር። የተኛሁበትን በር አሳዩኝ።»

እሺ።

«ቫርኒሽ ቀብተውታል። ሥሩ አበባ አስቀምጠዋል።»

ጥሩ ነው።

«ጋሼ ባዩ። እኔ በዚያ በር ላይ ተኝቼ ቢሆን ኖሮ እግሬ መሬት እየጎተተ ነበር ሆስፒታል የምደርሰው። የኔ በር መሐሉ ጎድጎድ ያለ ነው። ጀርባዬ ያውቀዋል። ደግሞ…» አፍንጫዋን ያዘች።

ተናገርሽባቸው? አልኳት።

«አልተናገርኩም። ግን ክትፎ አምሮኛል።»

ክትፎ! ቆጮ በአይብ አልኳት።

«ክትፎ።»

ቆጮ በጎመን።

«ጎመንህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል ጋሼ፣ ሆስፒታል ሁለተኛ አልመለስም።»

በክትፎ ተስማማን። ይቺ ልጅ ያኔም በሩ ላይ ሆና «ቀስ በሉ፣ በርበሬዬ ተደፋ» ስትል ነበር።

ከዚያ ምርኩዟን ወሰደች፣ አልተነሳችም።

«የምንተስኖት እናት ከጥያ ትመጣለች። ወይዘሮ ዓለምዘውድ። ደውላልኝ ነበር። ቀብሩ ላይ ፊቱን አላሳዩዋትም፣ ተሸፍኖ ነው የተቀበረው። ‹ለመጨረሻ ጊዜ የተጋደመበት ላይ ጉንጬን ባሳርፍ ይበቃኛል› አለችኝ። እኔ ምን ልበላት ጋሼ?»

ምርኩዟን ተደግፋ ተነሳች። ሄደች።

ጉንጬን አለች… በዚያ ጣውላ ላይ!

ኅዳር 14

እኔ ምን አገባኝ? ቀልዱ ኮሚቴው ላይ ነው። ደብዳቤ ጽፈው «ያስረክቡ» ያሉኝ እነሱ ናቸው። እሷን ማን ጠራት? ጥያ አርፋ ብትቀመጥ…

ምን ዓይነት ነገር ነው የምጽፈው? አልሰርዘውም ግን። ያልኩት ያልኩት ነው።

ኅዳር 15

ለአሚኑ ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

«እናት ናት ባዩ።»

አውቃለሁ።

«ፊቷን እኮ ነው የምታስነካው።»

አውቃለሁ አልኩህ!

«ታዲያ ስጣቸው።»

የሮጡትን? አልኩት። አንተስ ረሳኸው? እጅህ ሲደማ ማን ተቀበለህ?

«ማንም። ግን እሷ አልሮጠችም። ጥያ ነበረች፣ ለልጇ እንጀራ አቆይታ ነበር የምትጠብቀው።»

በሬድዮው ላይ ድምፅ ጨመረ። ሂድ ማለቱ ነው።

ኅዳር 17

አልሰጥም።

ኅዳር 18

አሚኑ አኩርፏል። ዶሮውም አልመጣችም።

ኅዳር 20

ብርድ ልብሱን ገልጬ አየሁት። የምንተስኖት ደም እድፍ በውስጥ በኩል ነው። ዓመት ሙሉ ከአልጋዬ ሳየው ነበር፣ በአመድ ፈትጌው አልለቀቀም። ጭንቅላቱ የነበረው በዚያ በኩል ነው።

እኔ ዓመት ሙሉ አየሁት። እሷ አንድ ቀን አላየችውም።

ይህ በር የኔ ነው እያልኩ… የሷ ልጅ ነው እላዩ ላይ ያለው።

ኅዳር 22

አጥሩን በዱላ መታሁ። አሚኑ ብቅ አለ፣ አላናገረኝም።

ነገ እንለውጠዋለን አልኩት። ማንም ሳያይ። የኛን እናስገባለን፣ የሽንት ቤቱን እናወጣለን። ነብዩም አያውቅም፣ ከተማውም አያውቅም። ለሷ ነው የምሰጠው፣ ለነሱ አይደለም።

«ከሱብሒ ሶላት በኋላ» አለ። ከዚያ ፈገግ አለ፣ «ጎመን ሸቶኛል። ና ብላ።»

ሄድኩ። በላሁ። ጨው በዝቶበታል፣ አልነገርኩትም።

ኅዳር 23

ይህን ልጻፈው፣ ነገ ብጽፈው ውሸት ይመስለኛል።

ጎህ ሲቀድ በሩን አነሳን። ሰው አይቶ በር መሆኑን እንዳያውቅ ጋቢዬን አለበስኩት። ብልጠቴ! ሁለት ሽማግሌ፣ በትከሻቸው ረጅም ነገር፣ ላዩ ላይ ጋቢ… ምን ይመስላል? እኔ ባዩ፣ ስድሳ ዓመት ቃሬዛ ሲያልፍ ያየሁ ሰው፣ አላሰብኩትም።

ከቤቴ ጥግ ሳንርቅ አንድ የገጠር ሰው በርበሬውን ተሸክሞ ወደ ገበያ ሲሄድ አገኘን። አንድ ቃል አልተናገረም። ጆንያውን አስቀመጠ፣ አሚኑን ገፋ አድርጎ ከሥሩ ገባ።

ተወው ወንድሜ አልኩት።

«እንዴት እተዋለሁ? ማነው የታመመው?»

አሚኑ፣ «ከባድ ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ ዝግባ ነው።

ከዚያ ሁለት መጡ። ከዚያ ከመስጊድ የወጡት። ከዚያ ኪዳን አድርሰው የሚመለሱ ነጠላ ለባሾች። ትከሻ በትከሻ ሲቀያየሩ እኔ ከሥሩ ወጣሁ፣ ማን አስወጣኝ እንኳ አላውቅም። አንዲት ሴት ጋቢዬን አውቃው፣ «ወይኔ ጋሽ ባዩ! ሚስቱ ወሰደችው!» ብላ ደረቷን መታች። እዚህ ነኝ አልኳት። አየችኝ፣ አማተበች። ለቅሶዋን ግን አልተወችም፣ ጀምራዋለቻ።

መስቀለኛው ላይ ሁሉም ወደ ቀኝ ታጠፉ።

ወደ ግራ! አልኩ።

«ሆስፒታሉ በቀኝ ነው!»

ወደ ግራ ነው የምላችሁ!

«ሽማግሌው ደንግጧል፣ አትስሙት!» ብለው በሩጫ ይዘውት ሄዱ። በሩን ሆስፒታል ሊያስተኙልኝ! አሚኑ መንገድ ዳር ተቀምጦ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እኔ ከኋላ እየሮጥኩ፣ አስቀምጡ! አስቀምጡ!

አስቀመጡት። ጋቢውን ገፈፍኩት።

አንገታቸውን አስግገው ከበቡት።

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልሰደቡኝም። እድፉን አዩት። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ «ይሄ… ያ በር ነው?» አለ።

ነው አልኩ።

ሰይዶ፣ ሥጋ ቤት ያለው፣ ትልቁ ሰውዬ፣ መሐላቸው ቆሟል። ፊቱ አመድ መሰለ። «ጋሽ ባዩ፣ ያን ቀን በአጠገባችሁ ነው ያለፍኩት። ያዙን ስትሉ ሰምቻለሁ።»

አውቃለሁ አልኩት። ማወቅስ አውቃለሁ፣ ዓመት ሙሉ ከሱ ሥጋ አልገዛሁም።

ምን ልበለው? ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩት ስድብ ነበረኝ። ሁሉም ጠፋብኝ።

ያዝ አልኩት።

ያዘ። በራስ በኩል። ሌሎቹም ያዙ። ማንም ያልተጋደመበትን በር ይዘው ወደ ግራ ታጠፉ፣ እንደ በሽተኛ ቀስ ብለው፣ እየተቀያየሩ፣ አንዴም ሳያስቀምጡ። ከኋላ ሆኜ አየሁ… መጡ። አንድ ዓመት ዘግይተው መጡ።

ነብዩ መታሰቢያው ቦታ ወንበር ሲደረድር ነበር። ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ወንበሩ ከእጁ ወደቀ።

«አባቴ፣ ምንድነው?»

በሩ ነው።

«ታዲያ ያኛውስ?»

ያኛው የሽንት ቤቴ ነው።

መስታወቱን አየ፣ አበባውን አየ፣ እኔን አየ። «ቀዳዳውስ?»

«ሰው መኖሩን ማያ!» አለ አሚኑ ከኋላ።

ያ ሁሉ ሰው ሳቀ። ነብዩ እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያ እሱም ሳቀ፣ እንባው እስኪመጣ። ለካ ጥርስ አለው፣ ያውም የሚያምር። ከዚያ ዓይኑን ጠርጎ፣ «አባቴ፣ በሩን ይሰጡናል ወይ?» አለ።

ያስረክቡ አላለም።

አሁን ጠየቅክ አልኩት።

ኅዳር 24

የሟቾቹ ስም ተጠራ። ለእያንዳንዱ ስም ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ይነሳል፣ ይቀመጣል። ጉልበቴን አመመኝ፣ ግን ለሁሉም ተነሳሁ። ንግግሩ ረዘመ፣ አንዱ ባለሥልጣን ሦስት ጊዜ «በመጨረሻም» አለ። ጋቢ አለበሱን። የአሚኑ ከኔ ይሰፋል፣ ለምን?

ወይዘሮ ዓለምዘውድ ቀጭን ሴት ናት። መስታወቱን ከፈቱላት። አላለቀሰችም።

«ወንድሜ፣ ጭንቅላቱ በየት በኩል ነበር?» አለችኝ።

አሳየኋት። ጉንጯን አሳረፈች። ቆየች። አገሩ ሁሉ ዝም አለ፣ ባለሥልጣኑም ጭምር።

ቀና ሳትል፣ «ተናግሮ ነበር?» አለች።

ለማንም ያልነገርኩት ነው። ለአሚኑም አልነገርኩትም፣ እሱ በእግር በኩል ስለነበር አልሰማም። እያለከለክን ስናስቀምጠው ልጁ ዓይኑን ገለጠ። አየኝ። «አባባ፣ ትርፍ ጫናችሁ እንዴ?» አለኝ። ረዳት አይደል? ሲቀልድ ነው።

ነገርኳት።

ሳቀች! ጉንጯ በሩ ላይ እንዳለ ሳቀች። «እሱ ነው» አለች። «ልጄ ነው። በቃ፣ እሱ ነው።» ከዚያ አለቀሰች። ሳሌሃ ያዘቻት።

ስትሄድ እጄን ይዛ፣ «አቧራ አይወድም ነበር፣ ሚኒባሱን እንኳ በየፌርማታው ነበር የሚወለውለው» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ታኅሣሥ 10

ሰይዶ የብረት በር አሠርቶ አመጣ። ሲከፈት ይጮሃል፣ ሲዘጋ ይጮሃል። ተናኘወርቅ ብትሰማው ትሳደብ ነበር። አሚኑ ዘይት ልቀባው ሲል አትንካው አልኩት፣ ሰው ሲገባ እንድሰማ። አሁን ሰው ይገባል እኮ። ሳሌሃ ለክትፎዋ ትመጣለች፣ አንዴ በላች፣ ዕዳው ግን አላለቀም ትላለች። ነብዩ እንኳ ይመጣል፣ ጫማውን በሩ ላይ ያራግፋል። ጎመን አብስሎ አሳየኝ። የሱም አረረ።

የሽንት ቤቱ በር አልተመለሰም። ኮሚቴው ቫርኒሹን ስንት ደክመንበት ብሎ የጥበቃው ቤት ላይ ገጠመው። እኔ እስካሁን በጆንያ ነኝ።

በገበያ ቀን ጨርቅ ይዤ ወደ መታሰቢያው እሄዳለሁ። ጥበቃው መጀመሪያ፣ «አይነካም!» ብሎ ተቆጣኝ። ነክቼ አሳየሁት። አሁን መስታወቱን ራሱ ይከፍትልኛል።

ዛሬ ስወለውል ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ መንገደኛ አጠገቤ ቆመ። አሚኑም አብሮኝ ነበር፣ እንደ ልማዱ ሊያፌዝብኝ አፉን አሰናድቷል።

«አባት፣ የማን በር ነው?» አለኝ ሰውዬው።

የምንተስኖት ነው አልኩት።

አሚኑ ጨርቁን ከእጄ ወስዶ ይወለውል ጀመር።